አየር የሚደበቅበት ቦታ

ከባኮ ወደ ነቀምቴ የሚወጣው፣ ከነቀምቴ ወደ ዲዴሳ ወንዝ የሚወርደው፣ ከዲዴሳ ድልድይ ተነስቶ ደግሞ ወደ ጊምቢ የሚወጣው መንገድ የወለጋን መሬት ጠባይ ያስተምራል። ዳገቱ አለቀ ሲሉት ሌላ ይመዘዛል፤ ሜዳ ደረስን ሲሉ ሸለቆ ይከፈታል። ምሳሌዬ የሚቆመው በዚህ መሬት ላይ ነው። ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብላ፣ በኮረብታ ወገብ ላይ የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ከተማ አለች እንበል።

በዚያ አገር ዝናብ እንደ ልብ ነው። ነገር ግን ውሃው ወደ ሸለቆ ይወርዳል፤ ሰው የሚኖረው ደግሞ ከላይ ነው። ስለዚህ የከተማዋ ሴቶችና ልጆች ማልደው ጀሪካን ይዘው ገደል ይወርዳሉ፣ ሞልተው ይወጣሉ፤ ሲመለሱ የትምህርት ደወል ተደውሏል። ከከተማዋ አምስት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከከተማዋም በመንገዱ ላይ ካሉት ጉብታዎች ሁሉም ከፍ ብሎ፣ የማይነጥፍ ምንጭ ነበረ። ከብዙ ምክክር በኋላ ሕዝቡ ገንዘብ አዋጣ፣ ምንጩ ጎለበተ፣ ቱቦ ተቀበረ፣ በከተማዋ መግቢያ ማጠራቀሚያ ተሠራ፣ ቦኖዎች ተተከሉ። ሞተር አላስፈለገም። ምንጩ ከሁሉ በላይ ስለሆነ ውሃው በገዛ ክብደቱ ይወርዳል፤ መሃል ላይ ጉብታ ቢያጋጥመውም ከኋላው ያለው ውሃ ገፍቶ ያሻግረዋል።

በምረቃው ቀን በሬ ታረደ፣ ሽማግሌዎች መረቁ፣ ውሃውም መጣ። ከዚያ ሰነበተና ቀጠነ። ቆየት ብሎ ቦኖው ማሳል ጀመረ፤ ይተፋል፣ ያቆማል፣ እንደገና ይተፋል። ምንጩ ደረቀ ተባለ። ሄደው ሲያዩ ምንጩ ሞልቶ ይፈስሳል። ቱቦው ተቀደደ ተባለ። እዚህም እዚያም ቆፍረው ሲያዩ ደረቅ አፈር ነው፤ ያፈሰሰ ቦታ የለም። ከዚያማ ሰው እርስ በርሱ መጠራጠር ጀመረ።

የውሃ ኮሚቴው ፎርማን አስተዋይ ሰው ነበር። ቱቦ ውስጥ የገባ አየር ከፍ ባለ ቦታ እንደሚሰበሰብ፣ ሲበዛም እንደ ውታፍ ሆኖ ውሃውን እንደሚያግድ ያውቃል። ጉም የገለጠ ቀን ጠብቆ ከከተማዋ ቆሞ መስመሩን አየ። ከሁሉ የሚበልጠውን ጉብታ ለየ፤ ወጥቶም ዓይኑ ጫፍ ነው ያለው ቦታ ላይ የአየር ማስወጫ ቫልቭ አስገጠመ። ቫልቩ ትንሽ ተነፈሰና ዝም አለ። ቦኖው ማሳሉን ቀጠለ።

በመጨረሻ ከነቀምቴ አንድ አዛውንት የቧንቧ ሠራተኛ አስመጡ። ሙያውን እንዲያስተምራት የተላከችለትን የእህቱን ልጅ ይዞ መጣ። ቦኖው ሲያስል ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠ፣ ፎርማኑ የነገረውንም ሁሉ ሰማ፤ ከዚያ ውሃ የተሞላ ቀጭን ላስቲክ ቱቦ አውጥቶ ሁለት ጫፎቹን በሁለት እኩል ዘንጎች ላይ አሰረ። ግንበኞች ሁሉ የሚያውቁት ውሃ ልክ ነው። አንዱን ዘንግ ለልጅቱ ሰጣት፣ አንዱን ራሱ ያዘ።

«ከምንጩ ጀምረን ቱቦው የተቀበረበትን እየተከተልን እንሄዳለን» አላት። «አንቺ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። በየአሥር እርምጃው ቆመሽ ውሃው ምን እንደሚል እይ። ዳገት ከሆነ ዳገት፣ ቁልቁለት ከሆነ ቁልቁለት ብለሽ ጻፊ።»

«ከፍታውንስ አልለካም ወይ ጋሼ? የምንፈልገው ጫፍ አይደል?»

«ከፍታ በኋላ ይደርሳል። ሰውየው ያን ጉብታ በከፍታ ነው የፈለገው። ጫፍ አጠገብ ከፍታ አይለይም፤ መቶ እርምጃ ወዲህም ወዲያም ብትሄጂ እኩል ይመስላል። ዘንበል ያለበትን ጠይቂ። እሱ ከጫፉ ወዲህና ከጫፉ ወዲያ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጥሽም።»

ጉሙ ራቅ ያለ ሰው እስከማይታይ ድረስ ወፍሮ ነበር። ዓይን የማይሠራበት ቀን ለዚህ ሥራ ምንም አይከፋም። ከምንጩ ወረዱ። ቁልቁለት፣ ቁልቁለት፣ ቁልቁለት፤ ከአንዲት ጅረት ዳር ሲደርሱ ሁለቱ ዘንጎች ላይ ያለው ውሃ እኩል ቆመ።

«ጋሼ፣ እኩል ሆነ! ካስማ ልትከል?»

«ከኋላሽ ምን ነበር?»

«ቁልቁለት።»

«አሥር እርምጃ ሂጂና ከፊትሽ ምን እንዳለ ንገሪኝ።»

ሄደች። «ዳገት ነው።»

«እንግዲህ እዚህ አየር አይቀመጥም፤ አየር ከዚህ ይሸሻል። እዚህ የሚቀመጠው ደለል ነው። ካስማውን ትከይ፤ የደለል ማስወጫ ይገባበታል። የአየር ግን አይደለም።»

ዳገቱን ተያያዙት። መሃል ላይ ውሃው እንደገና እኩል ቆመ። ልጅቱ በጉሙ ውስጥ በእግሯ ዳሰሰች፤ የተደለደለ መሬት ነው፣ የቆየ አውድማ። ደስ ብሏት ካስማ መታች። አዛውንቱ ግን ዝም ብሎ ወደ ፊት እንድትሄድ አመለከታት። ሄደችና ውሃው ዳገት አላት። ከኋላ ዳገት፣ ከፊትም ዳገት። ተመልሶ ካስማውን ነቀለው።

«ግን እኮ እኩል ነበር!» አለች፤ የተነቀለባት ካስማ አሳዝኗታል።

«እኩል መሆኑ ቁሚና እይ አለሽ እንጂ ጫፍ ነው አላለሽም። አየር እዚህ ደርሶ ትንሽ ያርፋል፣ ከዚያ ወደ ላይ ይቀጥላል። እዚህ ቫልቭ ብናስገባ የሕዝቡን ብር ቀበርን ማለት ነው።»

ከአውድማው በላይ ወጥተው ትልቁ ጉብታ ላይ ደረሱ። ዳገት፣ ዳገት፣ እኩል፣ ቁልቁለት። ይህን ጊዜ ልጅቱ ሳትጠየቅ ወዲህም ወዲያም ለክታ ካስማዋን ተከለች። የፎርማኑን ቫልቭ ፈለጉት፤ ከካስማው ወዲያ፣ ቁልቁለቱ ከጀመረ በኋላ ተገኘ። እዚያ የቆመ ሰው ጫፍ ላይ ያለሁ ይመስለዋል፤ አየሩ ግን ከእሱ ከፍ ብሎ፣ ከቫልቩ ውጭ ነበር የተሰበሰበው። ሰውየው አልሰነፈም። ሊያየው የማይችለውን ነገር በዓይኑ ፈልጎት ነው።

ከዚያ ወረዱ፣ ሌላ ዝቅ ያለ ቦታ አገኙ፣ ካስማ ተከሉ፣ ድንጋያማ መሬት ወጡ፣ ወደ ማጠራቀሚያው ወረዱ። ማታ በኩራዝ ብርሃን አዛውንቱ ደብተሯን ያነብ ጀመር።

«ከሁለተኛው ዝቅታ በኋላ ዳገት፣ ዳገት፣ ዳገት ብለሽ ጽፈሻል። ቀጥሎ ቁልቁለት። መሃል ላይ እኩል የታለ?»

«አልነበረም ጋሼ። አንድም ጊዜ እኩል አልቆመም፤ ስለዚህ ካስማ አልተከልኩም።»

«ታዲያ ከዳገት ወደ ቁልቁለት በምን ተሻገርሽ?»

ልጅቱ ዝም አለች። በማግሥቱ ተመልሰው ሄዱ። እንደ ቢላዋ ስለት የቆመ የቋጥኝ ጠርዝ ነበር። እዚያ ላይ ቱቦው በጎሚቶ ታጥፎ ከዳገቱ በቀጥታ ወደ ቁልቁለቱ ይሰበራል። የሚያርፍበት ሜዳ ቀርቶ አንዲት እርምጃ እንኳ ደልዳላ የለውም። ስለዚህ ውሃ ልኩ ያለፈው አንድም ቃል ሳይናገር ነው። ቆፍረው ጎሚቶውን ሲያላሉት አየሩ እያፏጨ ለረጅም ጊዜ ወጣ። ከመስመሩ ሁሉ የበዛው አየር እዚያ ነበር።

ቫልቮቹ ገቡ፣ ደለሉ ተለቀቀ፣ ውሃው ሞልቶ መጣ። ልጅቱ ሥራው ያለቀ መስሏት ዕቃዋን ስትሸክፍ አዛውንቱ አንድ ጥያቄ ጠየቃት።

«በዚህ መስመር ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ቦታ የት ነው?»

«ትልቁ ጉብታ ነዋ።»

«ምንጩስ?»

ምንጩን ረስታው ነበር። ውሃ ልኩ እዚያም እኩል አልቆመም፤ ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምሮ ቁልቁለት ነበር። ወጥተው አዩት። የቱቦው አፍ ከምንጩ ሳጥን ውሃ ወለል እኩል ተቀምጦ ኖሯል፤ ውሃው ትንሽ ዝቅ ባለ ቁጥር አፉ ግማሽ ውሃ፣ ግማሽ አየር ይስባል። መስመሩን ሁሉ የሚያስለው አየር የሚገባው በዚያ ነበር። አፉን ጠለቅ አድርገው አስገቡት።

ምሳሌው እዚህ ላይ አበቃ። ያመጣሁት በ12ኛ ክፍል፣ ነቀምቴ ባለው የወለጋ ዩኒቨርሲቲና በሌሎቹም ዩኒቨርሲቲዎች አንደኛ ዓመት ላይ ተማሪዎች ክሪቲካል ፖይንት በሚል ስም ስለሚያገኙት ነገር ነው። የተቀበረው ቱቦ ፈንክሽኑ ነው፤ ከምንጩ ያለው ርቀት ሲሰጠው ከፍታውን ይመልሳል። ውሃ ልኩ ዴሪቬቲቩ ነው፤ በእያንዳንዱ ቦታ መሬቱ ወዴት እንደሚያዘነብልና ምን ያህል እንደሚያዘነብል ይናገራል። ክሪቲካል ፖይንት የሚባለው ዴሪቬቲቩ ዜሮ የሆነበት ወይም ጨርሶ የሌለበት ነጥብ ነው። ጅረቱ፣ አውድማው፣ ትልቁ ጉብታና ሁለተኛው ዝቅታ ከመጀመሪያው ዓይነት ናቸው፤ የቋጥኙ ጠርዝ ከሁለተኛው።

አዛውንቱ ስለ ጫፍና ስለ ከፍታ የተናገረውን ዮሐንስ ኬፕለር ስለ ወይን በርሜሎች ይዘት በ1615 ባሳተመው መጽሐፍ ልብ ብሎት ነበር፤ አንድ መጠን ከትልቁ ዋጋው አጠገብ ሲደርስ ለውጡ እጅግ ያንሳል። ፒዬር ዴ ፌርማ የተባለው የቱሉዝ የሕግ ሰው በ1630ዎቹ ከዚሁ ነገር ስልት አወጣ። ላይብኒዝ በ1684 የዴሪቬቲቭን ሕጎች ለመጀመሪያ ጊዜ ባሳተመበት ጽሑፍ ርዕስ ላይ ያስቀደመው ትልቁንና ትንሹን ዋጋ መፈለግን ነው። ዴሪቬቲቭ የተወለደው በዚህ ሥራ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል።

በቁጥር እንየው። ከታሪኩ ቀለል ያለ መስመር እንውሰድና ሀ ከምንጩ ያለው ርቀት በኪሎ ሜትር ይሁን፣ ከ0 እስከ 5። ከፍታው በሜትር 24 − 24ሀ + 9ሀ² − ሀ³ ነው እንበል። ዴሪቬቲቩ −24 + 18ሀ − 3ሀ² ይሆናል፤ ፋክተር ሲደረግ −3(ሀ − 2)(ሀ − 4)። ዜሮ የሚሆነው 2ኛውና 4ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ከ2 በፊት ኔጌቲቭ ነው፣ ቁልቁለት፤ በ2ና በ4 መካከል ፖዘቲቭ፣ ዳገት፤ ከ4 በኋላ እንደገና ኔጌቲቭ። ስለዚህ 2 ላይ 4 ሜትር ከፍታ ያለው ሸለቆ፣ 4 ላይ 8 ሜትር ከፍታ ያለው ጉብታ አለ። የዴሪቬቲቩን ዴሪቬቲቭ፣ 18 − 6ሀን፣ ብንጠይቅም ይኸንኑ ይመሰክራል፤ 2 ላይ 6 ይሰጣል፣ መስመሩ እንደ ሳህን ወደ ላይ የተከፈተ ነው፤ 4 ላይ −6 ይሰጣል፣ የተደፋ ነው። ነገር ግን 8 ሜትር የመስመሩ ትልቁ ከፍታ ነው ብሎ የጻፈ ተማሪ ምንጩን ረስቷል። ሀ ዜሮ ሲሆን ከፍታው 24 ነው። በሌላው ዳርቻ፣ 5ኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ ከፍታው 4 ሜትር ሆኖ ከሸለቆው ጋር እኩል ይወጣል። ዝቅተኛው ቦታ የት ነው ለሚል ጥያቄ መልሱ ሁለት ቦታ መሆኑን የሚያገኘው ዳርቻዎቹን የጎበኘ ብቻ ነው።

አውድማውን ለማየት ሀ³ ይበቃል። ዴሪቬቲቩ 3ሀ² ነው፤ ዜሮ ላይ ዜሮ ነው፣ ከዜሮ ወዲህም ወዲያም ፖዘቲቭ ነው፣ ስለዚህ ጫፍም ሸለቆም የለውም። ጠርዝ ያለው ፈንክሽን ደግሞ የሀ ፍጹም ዋጋ ነው። ከዜሮ በስተግራ ዝንባሌው −1፣ በስተቀኝ 1፣ ዜሮ ላይ ግን ዴሪቬቲቭ የለም፤ ሆኖም የፈንክሽኑ ትንሹ ዋጋ የሚገኘው ልክ እዚያ ላይ ነው። ዜሮን ብቻ የሚያድን ሰው ይህን ቦታ ልጅቱ ቋጥኙን እንዳለፈችው ያልፈዋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ተማሪዎቻችን ዴሪቬቲቭ ማውጣትን በሚገባ ይለማመዳሉ፤ ዜሮ ጋር ያስተካክላሉ፣ እኩሌታውን ይፈታሉ፣ ከመልሱ ሥር ያሰምራሉ። የሥራው ግማሽ የሚጀምረው ከዚያ መስመር በታች ነው። ፌርማ ያወቀው አንድ ነገር አለ፤ ጫፍ ወይም ሸለቆ ከመስመሩ መሃል ላይ ካለና እዚያ ዴሪቬቲቭ ካለ፣ ያ ዴሪቬቲቭ ዜሮ ነው። ዜሮ የሆነ ሁሉ ጫፍ ነው የሚል ነገር ግን አላለም። ዜሮው፣ ዴሪቬቲቭ ከሌለባቸው ነጥቦች ጋር፣ የጫፍ መብት ያላቸውን ቦታዎች ዝርዝር ያሳጥራል። ማለቂያ ከሌላቸው ነጥቦች ውስጥ ብዙ ጊዜ ጥቂቶቹን ብቻ ያስቀራል፤ እነዚያን ግን አንድ በአንድ ሄዶ፣ ወዲህና ወዲያ አይቶ፣ ከፍታቸውንም ከሁለቱ ዳርቻዎች ጋር አስተያይቶ መፍረድ የሰው ሥራ ነው። መምህራን ፈተና ሲያወጡ ይህን የፍርድ ክፍል ነጥብ ቢሰጡት፣ ከአሥሩ ስድስቱን ወይም ሰባቱን ለእሱ ቢያደርጉት፣ የተማሪው እጅ የሚያተኩረው ወደዚያ ይሆናል።

ይህ ፍርድ ከፈተና ወረቀት ውጭም ያስፈልጋል። ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የባኮ የግብርና ምርምር ማዕከል በበቆሎ ይታወቃል፤ በ1990ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ለገበሬው የወጡት ቢኤች 660ና ቢኤች 540 የተባሉት የበቆሎ ዝርያዎች ስማቸውን ያገኙት ከባኮ ነው። የበቆሎ ምርት ከሚሰጠው ናይትሮጂን ጋር ሲያያዝ የሚሠራው መስመር ብዙ ጊዜ የጉብታ ቅርጽ አለው። መጀመሪያ በኃይል ይወጣል፣ እየቆየ ይደለደላል፣ ከመጠን ሲያልፍ ይወርዳል። እዚያ ላይ ዴሪቬቲቩን ዜሮ ያደረገ ሰው ከፍተኛውን ምርት የሚያስገኘውን የማዳበሪያ መጠን ያገኛል። ገበሬው ግን በዚያ መጠን ከተጠቀመ ሊያገኝ ከሚችለው ያነሰ ትርፍ ያገኛል። ዩሪያ በብር ይገዛል፤ ከጉብታው አናት አጠገብ የምትጨመር የመጨረሻዋ ኪሎ የምታስገኘው በቆሎ ከዋጋዋ ያንሳል። ለገበሬው ዜሮ መሆን ያለበት የትርፉ ዴሪቬቲቭ ነው፤ እሱም ዜሮ የሚሆነው አንድ ኪሎ ናይትሮጂን የሚጨምረው በቆሎ በገበያ ዋጋ ሲሰላ ከዚያው ከአንድ ኪሎ ናይትሮጂን ዋጋ ጋር እኩል በሚሆንበት ቦታ ነው። ይህ ቦታ ከምርቱ ጫፍ በስተግራ ይቀመጣል፤ ማዳበሪያ በተወደደ ወይም በቆሎ በረከሰ ቁጥር ይበልጥ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ዋጋው ከልክ ባለፈ ዓመት ደግሞ እስከ መስመሩ መጀመሪያ፣ እስከ ዜሮ ኪሎ ድረስ ይገፋል።